እናታችን ከግድግዳ የወረደች ዕለት

ወረደች! አጵሎስዬ፣ እናታችን ከግድግዳ ወረደች! ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ራሴ መሰላሉን ይዤ፣ ዙሁራ ከታች በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ያ ሁሉ ተመልካች ቆሞ እያየ አወረድናት። በር ላይ የተሰቀለው ትልቁ ባነርም ተጠቅልሎ ገባ። እልል በልልኝ! ደስታዬን የማደርስበት አጥቼ፣ ከጫኖ የመጣውን ሙዝ ሳላስጭን ትቼው ነው ለመጻፍ የተቀመጥኩት።

ውይ፣ ሰላም ሳልልህ! አፌ እንደዚህ ነው፣ አንተ ታውቀዋለህ፤ ወሬው ከሰላምታው ቀድሞ ይወጣል። እንግዲህ ወንድሜ፣ በዚያ ሩቅ አገር እንደምን ከርመሃል? ጀርባህን ተሻለህ ወይስ አሁንም ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ቆመህ ትውላለህ? ቤቲስ እንዴት ናት? ሚሪያም የፊት ጥርሷ ወልቋል ብላችሁኝ ነበር፣ አዲሱ ብቅ አለላት? የእናንተ ብርድ አሁን ሊወጣ ነው አሉ፤ ሱቅ የሚሰብሩትስ ሰዎች ጋብ ብለዋል? እኛ ጌታ ይመስገን ሁላችንም በሕይወት አለን። እማዬ ጉልበቷ ዳገት ላይ እምቢ ይላታል እንጂ ምግቧን ትበላለች። ክረምቱ ዘንድሮ መንደራችን ኦቾሎ ላይ በርትቶ መንገዱን ሁለት ቦታ ቆርጦታል፤ ቢሆንም ሰው በእግሩ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ይህን ሁሉ በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። ጀምሬልህ ነበር። ግን የእናንተ አገር ኔትወርክ ምን እንደሚነካው አላውቅም፣ የትንሹ ወንድማችን የኦይታ ስም በተነሳ ቁጥር ይቆረጣል። ስለዚህ ከእናንተ ዘንድ ለጥየቃ የመጣው ጓደኛህ ክንፉ ሰኞ ወደዚያ ይመለሳልና በእጁ ይድረስህ ብዬ ነው። ወረቀት አይቆረጥም። ደግሞ አፌን የሚይዘኝ የለም፣ እንደልቤ አወራሃለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ካንተ ነው፤ አትደንግጥ፣ ለወቀሳ አይደለም። በሐምሌ መጨረሻ ዙሁራ ሱቅ ቁጭ ብዬ ሾፌር ስጠብቅ ነበር። ዙሁራን አትረሳትም፣ ሲቀላ ገበያው አጠገብ ዘይትና ስኳር በጅምላ የምታከፋፍለዋ ጓደኛዬ። ስልኳን እየነካካች ቆየችና «አንቺ፣ ይሄ ወንድምሽ አይደል? እማማን ለጥፏቸዋል እኮ» አለችኝ። አየሁት። እማዬ በጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ እጆቿን ወደ ሰማይ ወርውራ፣ ነጭ ጨርቅ እያውለበለበች፣ እግሯ ከመሬት ተነስቶ፣ አፏ ተከፍቶ። ከኋላዋ አባያ ሐይቅና ደመናው። ከላይ አንተ «እናቴ ናት! ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ አየኋት፣ ጌታ ሆይ ተመስገን» ብለሃል። ሰው ሁሉ በልብ ምልክት አጥለቅልቆታል። ዙሁራ «እማማ እንዲህ ይጨፍራሉ ለካ!» ብላ ልትስቅ ስትል ፊቴን አየችና ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

አጵሎስዬ፣ ቆመህ ከሆነ የምታነበው ተቀመጥ። እማዬ በዚያ ፎቶ ላይ እየሳቀች አይደለም። እየጨፈረችም አይደለም። ያ የኦይታ ለቅሶ ቀን ነው።

አንተ አልነበርክምና ያን ቀን ልንገርህ፤ እስከ ዛሬ ማናችንም አልነገርንህም። ኦይታ ወደ አንተ ሲመጣ መንገድ ላይ መቅረቱን ከመኪናው የተረፈ ልጅ ደውሎ ነገረን፤ ከማላዊ ወዲህ ይሁን ወዲያ እሱም አያውቀውም፣ የት እንደቀበሩት የሚናገር አልተገኘም። ሬሳ የሌለው ለቅሶ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ አሁንም አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም። ሰው መጥቶ የሚያየው ነገር የለም። ከትምህርት ቤት መታወቂያው ላይ ፎቶውን አስተልቀን ወንበር ላይ አቆምነው፣ ኦቾሎ ሜዳው ጫፍ ላይ። አቶ ኤርጫፎ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ሁላችንም በድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን በዝማሬና በቃል እንድንጽናና መከሩ። እማዬም እሺ አለች፣ ተቀመጠች። እንባ የላት፣ ድምፅ የላት።

ከዚያ መዘምራኑ መጡ። ልብሳቸውን ለብሰው ተሰለፉ፤ ኦይታ ይቆምበት የነበረውን ቦታ ክፍት ትተውታል። ለክብሩ ብለው ነው። እማዬ ያን ክፍት ቦታ አየች። ብድግ ብላ ቤት ገባችና የመዘምራን ልብሱን አውጥታ ይዛ ሮጠች። ያን ሰማያዊ ኮሌታ ያለውን ነጭ ልብስ፣ አንተ ከመሄድህ በፊት ለብሰኸው ለእሱ የተውክለትን። ሜዳው ላይ እንደ አያቶቻችን አለቀሰች፤ በእኛ ደጋ ሰው ድሮ ሐዘኑን በእግሩ እንደሚያወጣው ታውቃለህ፣ እየሮጠ፣ እየዘለለ። ያን ልብስ ወደ ላይ እየወረወረች «ልበሰው! ልበሰው!» ትል ነበር። የሜዳው ጫፍ ገደል ነውና ሮጬ ቀሚሷን ያዝኩ። በፎቶው ጠርዝ ላይ አንዲት እጅ ወገቧ ላይ ታያለህ፣ አይደል? የእኔ እጅ ናት፣ ቀለበቴን እይ። ሰው ሁሉ አብራት የምትጨፍር ሴት እጅ መስሎታል። እኔ ግን ገደል እንዳትገባ ነበር የያዝኳት።

አልፈርድብህም። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ውስጥ ከልና አረንጓዴ ቀሚስ አንድ ናቸው። ሰማያዊው ኮሌታ ግራጫ ሆኗል። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ የኦይታ ፎቶም ተቆርጠው ቀርተዋል። ቆርጠህ ካየኸው አፏን የከፈተች ሴት ወይ ትስቃለች ወይ ትጮኻለች፤ ልጅ ደግሞ እናቱ ብትስቅለት ነው የሚፈልገው። እኔም ቀለበቴን ባላውቀው ኖሮ ልብ ለጥፌበት ነበር።

አንተ የለጠፍከው ፎቶ የተገኘው እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ በኩል ካለ አዳራሽ ነው፤ «የጋሞ እናት» የሚባል የፎቶ ኤግዚቢሽን ተከፍቶ ነበር። በማግስቱ ዙሁራን ይዤ ሄድኩ። ከውጭ በር ላይ እማዬ የቤት ቁመት አክላ ባነር ላይ ተሰቅላለች። ባጃጆች ከሥሯ ቆመው ሰው ይጠራሉ።

ገባን። አጵሎስዬ፣ እኔ ስለ ፎቶ ጥበብ የማውቀው የለኝም፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ገበያ የገባሁ ሰው ነኝ። ፎቶዎቹም ያምራሉ፣ አልዋሽህም። ብርሃኑ፣ ጭጋጉ፣ የጨንቻ ዳገት፣ ሁሉም ያምራል። ግን እየተዘዋወርኩ ሳይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ቀርከሃ የተሸከመች። እንጨት የተሸከመች። ውሃ የተሸከመች። እንሰት የምትፍቅ፣ ፊቷ በፀጉሯ የተሸፈነ። ጡቷን ለልጇ የሰጠች፣ ወደ ካሜራው ሳታይ የተነሳች። ከሥራቸው «ጽናት» ይላል፣ «ጥንካሬ» ይላል፣ «እናትነት» ይላል። አንድ ግድግዳ ላይ ጥጥ የምትፈትል ሴት እጆች ብቻ አሉ፣ ፊት የለም፤ «እጆች» ይላል። አጠገቡ ሸማኔው ከነጥበቡ ተቀምጦ፣ ስሙ ከነአባቱ፣ ዕድሜው ሳይቀር ተጽፎለታል። ፈትሉን ከማን እጅ እንደተቀበለ እንግዲህ ተመልካች ይገምት።

ዙሁራ መጀመሪያ ትቀልድ ነበር። ያቺ የምታጠባዋ ጋ ቆማ «ባሏ ይሄን አይቷል?» አለች። ከዚያ ዞር ዞር ብላ «አቤ፣ እኔን የምትመስል አንድ እንኳ የለችም እንዴ? ከሾፌር ጋር የምትጨቃጨቅ፣ ብር የምትቆጥር፣ ወፍራም?» አለችኝ። ሳቅን። ግን እውነቷን ነው። መምህርት የለችም፣ ሐኪም የለችም፣ በባጃጅ ተቀምጣ የምትሄድ የለችም፣ ገበያ ላይ ዋጋ የምትቆርጥ የለችም። አንዷም ወንበር ላይ አልተቀመጠችም። አንዷም ጫማ አላደረገችም።

ይህ የጫማ ነገር ሌሊቱን ሁሉ ከእንቅልፌ አቆየኝ። ከእማዬ ጋር ሴቻ ስቱዲዮ የተነሳናትን ያቺን ፎቶ አስታወስካት? ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ፊት? ያን ቀን ከጎረቤት ጫማ ተውሳ ነበር፣ ጠብቧት አንካሳ እየሄደች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን እንደ ዳኛ ቆፍጠን አድርጋ ተቀመጠች። ፎቶ አንሺው ፈገግ በይ ሲላት «የምስቅበት ነገር ምን አለ? አንሳ!» አለችው። ሴት ራሷ ስትመርጥ እንደዚያ ነው የምትነሳው። እነዚህ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትም ቢጠየቁ ኖሮ እያንዳንዳቸው «ቆይ፣ ጫማዬን ላድርግ» ይሉ ነበር። አልተጠየቁም ማለት ነው። የአገሩ ሴት ሁሉ ጎንበስ እንዳለች ተይዛለች፤ ቀና ስትል የሚጠብቃት የለም።

አሁን የሚመረውን ልንገርህ። በዚያ ሁሉ ሴት መካከል ደስ ያላት ተብላ የተሰቀለችው አንዲት ብቻ ናት። ከሥሯ «ደስታ በደጋው» ይላል። እናታችን። ጎንበስ ካሉት ሁሉ ተለይታ፣ መጨረሻው ግድግዳ ላይ፣ መብራት በርቶላት። ሴት ልጆች ተራ ይዘው ከፊቷ ፎቶ ይነሳሉ፤ ሻርፓቸውን ወደ ላይ እየወረወሩ፣ እንደሷ እየዘለሉ፣ እየሳቁ። አንዷ «ቆይ፣ እንደ እማማ አፌን ልክፈት» አለች። ልጆቹ ምን አጠፉ? የተጻፈላቸውን ነው ያነበቡት። እኔ ግን ግድግዳው ሥር እንደ ዕቃ ተቀመጥኩ፤ ዙሁራ ውሃ እስክታመጣልኝ ድረስ መነሳት አልቻልኩም።

ፎቶ አንሺው ተጠርቶ መጣ። ሰሊሆም ይባላል፣ ከአዲስ አበባ ነው፣ ጢሙን ያሳደገ ልጅ እግር። ክፉ አይደለም። የለቅሶ ፎቶ መሆኑን ስነግረው መጀመሪያ አላመነኝም፤ «እናቴ፣ ፎቶ አንዴ ከተሰቀለ ትርጉሙ የተመልካች ነው» አለኝ። ዙሁራ ከጎኔ ዘላ «እኔስ ምንድን ነኝ? ተመልካች አይደለሁም? ለቅሶ ነው ብያለሁ፣ በል ጻፍ!» አለችው። ሰው ሳቀ፣ እሱ ቀላ። ያን ቀን ማንን ጠይቀህ ነው ደስታ ያልከው ስለው፣ ከመኪና ወርዶ ከሩቅ ጥቂት እንዳነሳ፣ ዝናብ እንደመጣ፣ ሾፌሩ መንገዱ ሳይበላሽ እንሂድ ብሎ እንዳጣደፈው ነገረኝ። ዝላይዋን ሲያይ ደስታ መሰለው። አልጠየቀም። የአዳራሹ ኃላፊ ደግሞ ባነሩም ጥሪ ወረቀቱም በእሷ ፎቶ ስለተሠራ ኤግዚቢሽኑ እስኪዘጋ አይወርድም አለ፤ ቅሬታ ካለ ባለፎቶዋ ራሷ መጥታ ትናገር አለ።

እኔ ደግሞ የፈራሁት ይህንኑ ነበር። እማዬ ሳትሰማ አስወርጄ ነገሩን ልቅበረው ነበር ሐሳቤ። እንዴት አድርጌ ነው ከኦቾሎ አውርጄ ከዚያ ባነር ሥር የማቆማት? ሌላም ነገር አለ፣ አታውቀውም። የለቅሶው ዕለት ማታ አቶ ኤርጫፎ ለብቻዋ ጠርተው «ዘቢደር፣ ተስፋ እንደሌላቸው ማልቀስ አይገባሽም ነበር፤ ወጣቶቹ አዩሽ» ብለዋት ነበር። ለመልካም ብለው ነው። እሷ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አላለቀሰችም። ሦስት ዓመት ከሏን ለብሳ፣ ዓይኗ ደርቆ፣ ጸሎት ላይ ሁሉ ዝም። የሰው ሠርግ አትሄድ፣ የሰው ለቅሶ ሄዳ ድንጋይ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀምጣ ትመለሳለች። ምግብ ታበላለች፣ ታጥባለች፣ ትጠርጋለች፤ ቤት ውስጥ ግን የለችም። ደህና ናት እያልን ስንነግርህ የኖርነው ይህችን ነው።

ለካ እኔ ስደብቅ አቶ ኤርጫፎ ለስብሰባ አርባ ምንጭ ወርደው ባነሩን አይተውታል። አይተውም ዝም አላሉ፤ ኦቾሎ ወጥተው ራሳቸው ነገሯት። ሐሙስ ጠዋት በሬ ተንኳኳ፤ ብከፍተው እማዬ ከሏን ለብሳ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቷ፣ አቶ ኤርጫፎ ከኋላዋ ባርኔጣቸውን ይዘው። ሰላም እንኳ ሳትለኝ «የት ነው የሰቀሉኝ?» አለች። እግሯን አጠበች፣ የእኔን ጥቁር ጫማ አስመጥታ አደረገች፣ ሄድን።

ከባነሩ ሥር ቆማ ቀና ብላ አየች። ውስጥ ገብታ ሌሎቹን ሴቶች አንድ በአንድ ስታይ እኔ ከኋላ ከኋላዋ እከተላለሁ። ያቺ ቀርከሃ የተሸከመችዋ ጋ ቆማ «ይህችን ለምን አላወረዷትም፣ ይከብዳታል እኮ» አለች። ከራሷ ፎቶ ፊት ስትደርስ ግን ረጅም ጊዜ ቆመች። ሰሊሆም ጭንቅላቱን ደፍቶ ቆሟል። እኔ አሁን ትወድቃለች ብዬ ወገቧን ያዝኩ፤ ልክ እንደዚያ ቀን። እሷም እጄን አየች፣ ፎቶው ላይ ያለውንም እጅ አየች፤ ከዚያ ወደ ልጁ ዞራ «የቀረውስ የት አለ? እኔ ያን ቀን ብቻዬን አልነበርኩም» አለችው።

ሮጦ ላፕቶፑን አመጣ። ጠረጴዛ ላይ ከፍቶ ሙሉውን አሳያት፣ ባለ ቀለሙን። አጵሎስዬ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ድንኳኑ፣ መዘምራኑ ከነክፍት ቦታቸው፣ የእማዬ ከል፣ ያ ሰማያዊ ኮሌታ፣ እኔ ፊቴ ተጨማዶ ቀሚሷን ይዤ፣ ወንበሩ ላይ ኦይታ በመታወቂያ ፎቶው ሆኖ። ዳር ላይ አቶ ኤርጫፎ አሉ፤ እጃቸውን ዘርግተው ተይ ሊሏት እየመጡ ነው። ሽማግሌው ያን የራሳቸውን እጅ ሲያዩ ባርኔጣቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና በጋሞኛ «ያን ቀን እኔ መቀመጥ ነበረብኝ» አሏት። እማዬ ጣቷን ወደ ኦይታ ፊት ሰደደች፤ ስትነካው ስክሪኑ ተንሸራተተና ፊቱ ከፊቷ ሸሸ። ያኔ ነው ያለቀሰችው። አዳራሹ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ ሦስት ዓመት የታመቀውን። ድምፁን ብትሰማው! እንደዚያኞቹ ሻርፕ እየወረወሩ ፎቶ ሊነሱ የመጡት ልጆች ተቃቅፈው አብረው ያለቅሱ ነበር። ዙሁራ፣ ያቺ የማትረታ፣ ሻርፗን አፏ ውስጥ ከታ መሬት ተቀመጠች። አቶ ኤርጫፎም ተቀመጡ፤ በዚህ ጊዜ ተይ አላሏትም።

እኔ እንግዲህ ይቀደድ፣ ይቃጠል ባይ ነበርኩ። እማዬ ግን ዓይኗን ጠርጋ እምቢ አለች። የተቆረጠው ይውረድ፣ ሙሉው ይሰቀል አለች። «ፎቶው አልዋሸም፣ ከሥሩ የተጻፈው ነው የዋሸው። ልጄን ያለቀስኩበት ቀን ያ ብቻ ነው፤ እሱንም ልትወስዱብኝ ነው?» አለች። ሰሊሆም ብዕር ይዞ ምን ልጻፍ እናቴ አላት። እሷ እየተናገረች እሱ ጻፈ፤ እንዳለ እነሆ፦ «ዘቢደር፣ ከኦቾሎ። ልጇን ኦይታን ስታለቅስ። ሬሳው አልመጣም።» ልጁ ትንሽ ሊያሳምረው ፈልጎ «የእናት ጥልቅ ሐዘን» የሚል ልጨምርበት ቢላት «ጥልቀቱን አንተ የት አውቀኸው? ያልኩህን ጻፍ» አለችው። ጻፈ። ከዚያ ነው መሰላሉ የመጣው፣ ከዚያ ነው ያወረድናት። ኃላፊውም ሲያለቅስ አይቼዋለሁ፣ ይክድ እንደሆነ እንጃ። ሰሊሆም የሌሎቹንም ሴቶች ስም ፍለጋ መንደር ለመንደር እዞራለሁ ብሏል፤ ያድርገው አያድርገው እናያለን። እማዬ «ስትሄድ መጀመሪያ ሰላም በል፣ ከዚያ ተቀመጥ፣ ካሜራውን በመጨረሻ አውጣ» ብላዋለች።

ስንመለስ በባጃጅ ነበር። ሲቀላ ልንደርስ ስንል ጫማው እንደጠበባት ነገረችኝ፤ አውልቃ እግሯ ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ በዚያው ድምፅ «እንግዲህ ሰው አይቶልኛል። ከሌን አወልቃለሁ» አለች። ባጃጁን አስቁሜ መንገድ ላይ ልጮህ ምንም አልቀረኝ! ሦስት ዓመት ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ነጭ ልብስ ተገዝቶ እምቢ ስትል የኖረች ሴት። አሁን ገባህ ደስታዬ? ፎቶ ስለወረደ ብቻ መስሎህ ነበር?

አንድ ነገር ግን ጠይቃለች፣ እሱን ለማድረስ ነው ይህ ሁሉ ወረቀት። ነጩን ልብስ እኔ እንዳለብሳት አትፈልግም። አጵሎስ ያልብሰኝ ብላለች። ና ብዬ የጠራሁት እኔ ነኝ፣ የገደልኩት እኔ ነኝ እያልክ ራስህን እንደምትበላ ክንፉ ነግሮኛል፤ እኔም ለእሷ ነገርኳት፣ አልደበቅሁም። ምን አለች መሰለህ? «ወንድሙ ባይጠራው ማን ይጠራዋል? እኔም ብሆን ስንቁን የቋጠርኩለት እኔ ነኝ። ይምጣና አብረን እናልቅስ፤ አልቅሰን ስናበቃ ያልብሰኝ» አለች። የለጠፍከውንም ነገርኳት። አልተቀየመችም። «ስትስቅ አየኋት ካለ፣ ስስቅ መጥቶ ይይ» ብላለች። ያን ጽሑፍ አፍረህ እንዳታጠፋው። ሙሉውን ፎቶ ክንፉ በስልኩ ይዞልሃል፤ ብቻህን ሆነህ አትየው፣ ቤቲ አጠገብህ ትሁን።

ለቤቲ ከልብ ሰላም በልልኝ፤ ባሏን ለጥቂት ቀን ለእናቱ ታበድርልን። ሚሪያምን ግንባሯን ሳምልኝ፣ አያትሽ ወንበር አዘጋጅታልሻለች በላት። ባለቤቴ ዕዝራ ሰላም ብሎሃል፤ መንገዱን እኔ አስጠርጋለሁ ይላል፣ አፉ ነው እንጂ። ልጄ ሄራን አጎቴ ሲመጣ ከአየር ማረፊያ የምቀበለው እኔ ነኝ ብላ ከወዲሁ ከወንድሟ ተጣልታለች። ዙሁራ «ለዚያ የፌስቡክ ሰው ሰላም በዪልኝ፣ በግ እኔ ላይ ነው» ብላለች። አቶ ኤርጫፎ በጌታ ስም ሰላምታ ልከዋል፤ መዘምራኑም ያን ቦታ እስክትመጣ ክፍት አድርገው እንደሚጠብቁህ እንድነግርህ አዘውኛል፤ ልብሱ ታጥቦ፣ ኮሌታው ተተኩሶ ተሰቅሏል። ሰሊሆምም ተጠርቷል፤ መጀመሪያ ይበላል፣ ከዚያ እማዬን በወንበር ላይ፣ በጫማዋ፣ ከልጆቿ መካከል ያነሳታል። ጫማውን ልኳን ጠይቀኸኝ ከዚያ ግዛላት፣ የእኔ ጠቧታል። ከሏን የምታወልቅበትን ቀን የቆረጥነው የመስቀል ግርግር አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ነው፤ እንግዲህ ቀረሁ የሚል ሰው እንዳልሰማ፣ ሁላችሁም ኦቾሎ ሜዳው ላይ፣ ቅዳሜ መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ገና በጠዋቱ።

እህትህ አበቡ
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ነሐሴ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.